በጌሙ ላይ ያለውን ቁጥር በቤትህ የሚያነበው ማነው?



ውድ ወንድሞቼና እህቶቼ! ጽሑፉ ትንሽ ረዘም ይላል። ቤት ውስጥ ታናሽ ወንድም ወይም እህት ያላችሁ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

እኔ እዚሁ አዳማ በአንድ የሰፈር መስጂድ ኢማማችንን አግዛለሁ። ከዐስር እስከ መግሪብ ባለው ጊዜ ትንንሾቹን ቁርኣን አስቀራለሁ። ከልጆች ጋር የሚውል ሰው ወሬያቸው ጆሮው መግባቱ አይቀርም። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ እረፍት ስሰጣቸው የሚያወሩት ማን ስንት ሰው እንደገደለ፣ ማን በየትኛው መሣሪያ እንደተመታ፣ የማን ቡድን መጨረሻ ላይ እንደተረፈ ነው። ጁዝ ዐምመን ገና ያልጨረሰ የዘጠኝ ዓመት ልጅ የጠመንጃ ዓይነት በስም በስሙ ይዘረዝርልሃል። የቱ ከሩቅ እንደሚመታ፣ የቱ ጥይቱ ቶሎ እንደሚያልቅ ያውቃል። «ከየት አወቅከው?» ስትለው፣ «ከፐብጂ ነዋ ኡስታዝ!» ይልሃል።

«ማን ጫነልህ?» ብዬ ብዙዎቹን ጠይቄያለሁ። «አባዬ» ያለኝ የለም ማለት ይቻላል። መልሱ «ወንድሜ»፣ «የአክስቴ ልጅ»፣ «ሞባይል ቤት ያለው ልጅ» ነው። ይህን ጽሑፍ ከአባቶች ይልቅ ለእናንተ ለወጣቶቹ የጻፍኩት ለዚህ ነው። ስለ ጌም ሲወራ ሁሌም «ወላጆች የት ሄዱ?» ይባላል። ወላጅ ተጠያቂ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን በብዙ ቤቶቻችን ጌሙን የሚያውቀው፣ ስክሪኑ ላይ የተጻፈውን እንግሊዝኛ የሚያነበው፣ ስልኩ ሲበላሽ የሚያስተካክለው አባት አይደለም። አንተ ነህ ወንድሜ። አንቺ ነሽ እህቴ።

ቁጥሩ ምን ማለት ነው?

በአብዛኞቹ የአውሮፓ ሀገራት የሚሸጥ ጌም ሽፋኑ ላይ ከአምስት ቁጥሮች አንዱ አለበት፦ 3፣ 7፣ 12፣ 16 ወይም 18። ብዙ ሰው ይህ የጨዋታው ክብደት ይመስለዋል። አይደለም። ቁጥሩ የሚናገረው በውስጡ ስለሚታየው ነገር ነው፦ ስለ ግድያው፣ ስለ ደሙ፣ ስለ ስድቡ፣ ስለ እርቃኑ፣ ስለ አደንዛዥ ዕፁ፣ ስለ ቁማሩ። ፊፋ ላይ የተጻፈው 3 ነው። የአምስት ዓመት ልጅ ፊፋ ላይ አሥር ለባዶ ሊሸነፍ ይችላል፤ የሚያየው ነገር ግን አይጎዳውም። ጂቲኤ 5 ላይ የተጻፈው 18 ነው። የአሥር ዓመት ልጅ ከአንተ በላይ ጎበዝ ሆኖ ሊጫወተው ይችላል፤ ጉብዝናው ግን የሚያየውን አያጠራውም። የሞባይሉ ፐብጂ በዚሁ መለኪያ 16 ነው።

ይህ አሠራር የመጣው በጭቅጭቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 «ሞርታል ኮምባት» የሚባል የድብድብ ጌም ወጣ፤ አሸናፊው የተሸናፊውን ጭንቅላት ከነአከርካሪው ነቅሎ የሚያወጣበት ነበር። በ1993 መጨረሻ የአሜሪካ ሴናት ጉዳዩን ጠርቶ አነጋገረ። ኩባንያዎቹ መንግሥት በሕግ ሳይመጣባቸው በ1994 የራሳቸውን መዳቢ ድርጅት አቋቋሙ። አውሮፓም በ2003 ፔጊ የሚባለውን ሥርዓት ጀመረች። አሁን ፕሌይ ስቶር ላይ የምናየው የዕድሜ ቁጥርም የተሠራው በዚሁ መንገድ ነው።

እነሱም ቢሆኑ ይታለላሉ። «ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ» በ2004 ሲወጣ በአሜሪካ የተሰጠው ደረጃ «ከ17 ዓመት በላይ» የሚል ነበር። በ2005 ግን በዲስኩ ውስጥ ተደብቆ የቀረ የዝሙት ትዕይንት ተገኘና ደረጃው «ለአዋቂ ብቻ» ወደሚለው ከፍ አለ። ይህ ጌም በየከተማችን ፕሌይስቴሽን ቤት ስንት ልጅ ያደገበት ነው! ለእኛ የደረሰን ሽፋን በሌለው ኮፒ ዲስክ ነው። ቁጥሩ ሽፋኑ ላይ ነበር፤ ሽፋኑ ግን አብሮ አልመጣም።

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። እነሱ ዘንድ ቁጥሩን የሚያስከብሩ ብዙ ናቸው፤ ሻጩ ዕድሜ ይጠይቃል፣ ወላጅ ያነባል፣ መሣሪያው ራሱ ይቆልፋል። እኛ ዘንድ ጌሙ ከስልክ ወደ ስልክ በዜንደር ይተላለፋል፣ በቴሌግራም ይላካል፣ ሞባይል ቤት ሚሞሪ ላይ ይጫናል። በየትኛውም መንገድ ቢመጣ ቁጥሩ መንገድ ላይ ይቀራል። ሀገራችን በ1999 ዓ.ም. ያወጣችው የብሮድካስት አዋጅ ለልጆች የማይሆን ፕሮግራም ልጆች በሚያዩበት ሰዓት እንዳይተላለፍ ይከለክል ነበር። ቴሌቪዥን ጣቢያ ስላለው ይጠየቃል። ልጁ ብርድ ልብስ ውስጥ የያዘው ስልክ ግን ጣቢያ የለው፣ ሰዓት የለው።

እኛስ አልተኮስንም ወይ?

ትልልቆቹ ደረሳዎች አንድ ቀን ሞገቱኝ። «ኡስታዝ፣ እናንተስ በልጅነታችሁ ሌባና ፖሊስ አልተጫወታችሁም?» አሉኝ። ተጫውተናል። እኔ ያደግሁት መቂ ነው። በዱላ ጠመንጃ ስንት ሰው «ገድለናል»! «ጧ! ሞተሃል!» «አልሞትኩም፣ ሳትከኝ!» እያልን መግሪብ ድረስ እንሯሯጥ ነበር።

ልዩነቱ ግን ይህ ነው። እኛ ስንጫወት ሰፈሩ ያየን ነበር። ጨዋታው ወደ እውነተኛ ጠብ ሊዞር ሲል አንዲት እናት ከበሯ ላይ ሆና «አንተ የእገሌ ልጅ፣ ድንጋዩን ጣል!» ትላለች። ትልልቆቹ ሲጋራ ይዘው ሲመጡ አንድ አባት «እናንተ ልጆች፣ ወደ ቤት!» ይሉናል። ያ ዓይን ነበር የእኛ የዕድሜ ገደብ። ማንም ቁጥር አልጻፈበትም፣ ግን ይሠራ ነበር። ዛሬ ልጁ እናቱ ጎን ተቀምጦ፣ ጆሮው ላይ ኢርፎን ሰክቶ፣ ከማያውቀው ጎረምሳ ጋር እየተሰዳደበ ይተኩሳል። እናት «አልሐምዱሊላህ፣ ልጄ ቤት ነው» ትላለች። ልጁ ቤት ነው፤ ሰፈሩ ግን አያየውም።

ዕድሜን መለየት የፈረንጅ ፈጠራ አይደለም

አንዳንድ ወንድሞች «ይሄ የፈረንጅ ቁጥር ነው፤ እኛ ሐላልና ሐራም ነው የምናውቀው» ይላሉ። መድረሳ ቁጭ ብሎ የፊቅህ ኪታብ የቀራ ሰው ግን ዲናችን ስለ ዕድሜ ምን ያህል እንደሚጠነቀቅ ያውቃል። ልጅ በሰባት ዓመቱ ሰላት ይታዘዛል። በአሥር ዓመቱ መኝታው ይለያል። ሱረቱ ኑር ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች በሦስት የተወሰኑ ሰዓቶች ሳያስፈቅዱ ወደ ትልልቆች ክፍል እንዳይገቡ ያዛል፤ ዓይናቸው ሊያየው የማይገባ ነገር አለና። ሱረቱ ኒሳእ የየቲም ገንዘብ ለየቲሙ የሚሰጠው ለጋብቻ ዕድሜ ደርሶ፣ ተፈትኖ፣ ብስለቱ ሲታይ እንደሆነ ይናገራል። ዑለማዎቻችን ተምዪዝ፣ ቡሉግ፣ ሩሽድ ብለው ደረጃ በደረጃ ለይተውታል። መልካምና ክፉን መለየት መጀመር አንድ ነገር ነው፤ ለአካለ መጠን መድረስ ሌላ ነው፤ መብሰል ደግሞ ሌላ። ገንዘቡን እንኳ ሳይበስል የማይሰጡት ልጅ፣ ዓይኑንና ልቡን ያለ ገደብ ሊለቀቅ ነው?

በሌላ በኩል «ጌም ሁሉ ሐራም ነው» ብሎ መጮህም መፍትሔ አይደለም። በዒድ ቀን በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መስጂድ ጦርና ጋሻ ይዘው የተጫወቱት እነማን ነበሩ? የእኛው ሐበሾች! ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አልከለከሏቸውም፤ እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) እስክትጠግብ ድረስ እንድታይም ቆመውላታል። ጦር የያዘ ጨዋታ በዲናችን ቦታ ነበረው። ነገር ግን እነዚያ አዋቂዎች ነበሩ፤ በአደባባይ፣ በዒድ ቀን፣ ሁሉም እያያቸው ነበር የተጫወቱት። በዚያው በዲናችን ደግሞ ወደ ወንድሙ ብረት ያነጣጠረ ሰው፣ ቢቀልድም እንኳ፣ መላእክት እንደሚረግሙት ተነግሮናል። ጨዋታ ተፈቅዷል፤ የሰውን ነፍስ ማቅለል ግን በቀልድም አልተፈቀደም።

ሳናጋንን እንናገር

ጌም የተጫወተ ሁሉ ነፍሰ ገዳይ ይሆናል የሚል ወሬ አለ። ይህን ለወጣት ብትነግረው ይስቅብሃል፤ እውነቱንም ነው። የአሜሪካ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው አቋም የግፍ ጌሞች እንደ መጮህና መገፋፋት ካሉ ጠባዮች ጋር ትንሽ ግንኙነት እንዳላቸው፣ ከባድ ወንጀልን በእነሱ ላይ ለማላከክ ግን በቂ ማስረጃ እንደሌለ ተናግሯል። ግንኙነቱን ጭራሽ አላገኘንም የሚሉ ተመራማሪዎችም አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ጌም የሰውን ሕይወት ሲቆጣጠር፣ ትምህርቱንና ቤተሰቡን ሲያስረሳው፣ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ዓመት ያህል ሲቆይ፣ በሽታ ብሎ መዝግቦታል፤ ከ2022 ጀምሮም በሥራ ላይ ውሏል።

እኔ የማየው ከዚህ ያነሰ ነገር ነው፤ ግን ቤት ያናጋል። አንድ ምሳሌ ልንገራችሁ።

በዕድሜ እናቴ የምትሆን አንዲት ሴት የልጅ ልጇን ይዛ መጣች። ስምንት ዓመቱ ነው። «ኡስታዝ፣ ሌሊት እየጮኸ ይነሳል። ዓይን ነክቶት ነው፤ ሩቅያ ቅራበት» አለችኝ። ቀራሁበት። ሩቅያ ሐቅ ነው፣ እሱ ላይ ክርክር የለኝም። ከዚያ ልጁን ብቻውን «ከመተኛትህ በፊት ምን ታደርጋለህ?» አልኩት። ታላቅ ወንድሙ የማትሪክ ተፈታኝ ነው። ማጥናት ሲፈልግ ታናሹ እንዳይረብሸው ስልኩን ይሰጠዋል። ስልኩ ላይ ሬሳ ከጨለማ እየወጣ የሚያሳድድበት ጌም አለ። ልጁ ከኢሻ በኋላ ኢርፎን ሰክቶ እስከ እኩለ ሌሊት እሱን ይጫወታል። ወንድሙን አስጠራሁት። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ጥሩ ልጅ ነው። ጌሙን ከፍተን አሳየሁት፦ 16 ይላል። «ኡስታዝ ወላሂ፣ ቁጥሩን አይቼው አላውቅም» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ስልኩ አያቲቱ ጋ ያድር ጀመር። ሴትየዋ ከሳምንታት በኋላ ስታገኘኝ ልጁ እንደሚተኛ ነገረችኝ። አላህ ነው የሚያሽረው፤ ሰበቡን ማድረስ ግን የእኛ ድርሻ ነው።

ፕሌይስቴሽን ቤቱ

ትምህርት ቤቶቻችን ብዙዎቹ በፈረቃ ናቸው። ልጁ ግማሽ ቀን ባዶ ነው፤ እናት ገበያ፣ አባት ሱቅ ወይም መኪና ላይ ናቸው። ያን ግማሽ ቀን የሚወስደው ፕሌይስቴሽን ቤት ነው። ከመስጂዳችን ብዙም ሳይርቅ አንድ አለ። የሚሠራበት ልጅ እኔ ዘንድ የቀራ ነው። አንድ ቀን ገብቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። አንደኛው ስክሪን ላይ ጎረምሶች ኳስ ይጫወታሉ፤ ሁለተኛው ላይ አንድ ሕፃን እግሩ መሬት ሳይነካ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሰው በመኪና ይገጫል።

«ይሄ ልጅ ይሄን መጫወት አለበት?» አልኩት።

«ኡስታዝ፣ መታወቂያ ልጠይቀው እንዴ? ደግሞ እኮ ያመጣው አባቱ ነው። ሱቅ እስኪዘጋ እዚህ ይቀመጥልኝ፣ መንገድ ላይ ባጃጅ እንዳይገጭብኝ ብሎ ብር ሰጥቶኝ ነው የሄደው።»

ዝም አልኩ። አባት የፈራው እውነት ነው፤ የአዳማ ባጃጅ ያስፈራል። ልጁ መንገድ ላይ በባጃጅ እንዳይገጭ የተቀመጠበት ወንበር ላይ ሆኖ ቀኑን ሙሉ ሰው ሲገጭ ይውላል። አባት ከበሩ አልፎ ገብቶ ስለማያውቅ ይህን አላየም።

ከልጁ ጋር ተነጋገርን። እንጀራው ነው፤ ዝጋ ማለት አልችልም። ራሱ አሰበና «ከመግሪብ በፊት ኳስ ብቻ ላድርገው፤ ሌላውን ማታ ለትልልቆቹ» አለ። «ተሸናፊ ይከፍላል» የሚለውንም ለሕፃናት ተወው፤ ይሄ ለትልቁም ቢሆን የቁማር በር ነው። ገቢዬ ይቀንሳል ብሎ ፈርቶ ነበር። ሦስት አራት ልጆች በእርግጥ ምንም ወደማይጠይቅ ሌላ ቤት ሄደዋል፤ አልዋሽም። ነገር ግን አንዳንድ አባቶች «እዚያ ቤት ኳስ ብቻ ነው» ብለው ልጃቸውን ይልኩለት ጀመር። የዚያን ሕፃን አባት ደግሞ አንድ ማታ ይዤው ገባሁ። ጥቂት ደቂቃ ቆሞ አየ። «ይሄን ነው እንዴ ስከፍልበት የከረምኩት?» ብሎ ወጣ። ልጁን አልመታውም። አሁን ልጁ ከቁርኣን በኋላ አባቱ ሱቅ ውስጥ ተቀምጦ መልስ ይቆጥራል።

የከለከሉትስ ምን አገኙ?

«መንግሥት ለምን አይዘጋውም?» ትሉ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2019 ኢራቅና ዮርዳኖስ ፐብጂን ከልክለዋል፤ በኢንዶኔዥያ የአቼህ ዑለማዎች ምክር ቤትም በዚያው ዓመት ሐራም ብሎታል። ቻይና በ2021 ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ኦንላይን ጌም የሚጫወቱበትን ጊዜ በአብዛኛው በሳምንት ሦስት ሰዓት ላይ ወስናለች። ቪፒኤን የሚያውቅ ልጅ ግን ብዙውን እገዳ ይዘላል። በ2020 ደግሞ ፐብጂ ተጫዋቹ ጣዖት ፊት ኃይል የሚለምንበት አዲስ ክፍል ጨምሮ ነበር። ሙስሊም ተጫዋቾች ተቆጡ፣ አዝሀር አስጠነቀቀ፣ ኩባንያው ይቅርታ ጠይቆ አነሳው። ያን ነገር መጀመሪያ ያየው መንግሥት አልነበረም፤ ተጫዋቹ ወጣት ነው። ስክሪኑን የሚያነብ ወጣት ሲናገር ለውጥ ይመጣል ማለት ነው።

ምን እናድርግ?

1. ዛሬ ማታ የታናሽህን ስልክ አብረኸው ክፈት። ሰርቀህ አትክፈት፣ አብራችሁ ክፈቱ። እያንዳንዱን ጌም ፕሌይ ስቶር ላይ ፈልግና ቁጥሩን አሳየው፤ «ይሄ ለምን 16 የሆነ ይመስልሃል?» ብለህ ጠይቀው። ሳታወራው አታጥፋው። ያለ ምክንያት የጠፋበት ልጅ በሚቀጥለው ቀን ከጓደኛው ይጭነዋል።

2. ፕሌይ ስቶር ውስጥ የአካውንትህን ምስል ነክተህ፣ ሴቲንግስ፣ ከዚያ ፋሚሊ፣ ከዚያ ፓረንታል ኮንትሮልስ የሚለውን አብራው። የሚስጥር ቁጥሩን አንተና እናትህ ብቻ እወቁት። ይህ ግን በዜንደርና በቴሌግራም የሚመጣውን አያግድም። ስለዚህ ከሌላ ቦታ የመጣ አፕ እንዳይጫን የሚፈቅደውንም አጥፋው።

3. ለአባትህ አስረዳው። «አባ፣ ይሄ ቁጥር እንዲህ ማለት ነው» በለው። ወሳኙ እሱ ነው፤ አንተ ዓይኑ ነህ።

4. ስልክ ከኢሻ በኋላ ልጅ ጋ አይደር። የፈጅር ሰላት የሚያመልጠው ማታ ነው።

5. ሞባይል ቤት ወይም ፕሌይስቴሽን ቤት የምትሠራ ወንድሜ፣ የሰው ልጅ እጅህ ላይ ነው። እግሩ መሬት ለማይነካ ልጅ ኳስ ክፈትለት።

6. የወሰድክበትን ነገር ተካለት። ጁሙዓ ከሰዓት ሜዳ ውሰደው። ከአንተ ጋር መሮጥ ከፐብጂ ይበልጥበታል፤ አብረኸው የምትሮጥ ከሆነ።

«እኔ ወላጅ አይደለሁም» እንዳትለኝ። ሁላችንም እረኞች ነን የሚለውን ሐዲስ ሁላችንም እናውቀዋለን። እዚያ ሐዲስ ውስጥ መሪና አባት ብቻ አልተጠቀሱም። ሴት በቤቷ፣ አገልጋይ በአሳዳሪው ንብረት፣ በቡኻሪ ዘገባ ደግሞ ልጅ በአባቱ ገንዘብ ላይ እረኛ ነው፤ ይጠየቃል። ተጠያቂነት የሚመጣው በማዕረግ ብቻ አይደለም፤ እጅህ ላይ ባለው ነገር ጭምር ነው። የዚያ ስልክ የሚስጥር ቁጥር አንተ ጋ ከሆነ፣ በጎቹ አንተ ጋ ናቸው።

አላህ ታናናሾቻችንን ይጠብቅልን፣ ለእነሱም መልካም ታላላቆች ያድርገን። ኣሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካትሁ።